«የነፍሰ ገዳይ ጠበቃ ልትሆኚ ነው?»፦ ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ

ጥያቄውን አሳጥሬ ላስቀድመው። «ጋሼ፣ ሕግ ተመርቄ ኮምቦልቻ ቤተሰቦቼ ጋ ነኝ። ሐሳቤ የወንጀል ጠበቃ መሆን ነው። አባቴ ግን ‹የነፍሰ ገዳይ ጠበቃ ልትሆኚ ነው ያስተማርኩሽ?› ብሎ ተቆጣ። ዘመዶቼ ደግሞ ‹ወሎ ላይ ደም ቢፈስ የሚያስታርቅ አበጋር አለ፤ ጠበቃ ምን ይሠራል?› ይሉኛል። እርስዎ ብዙ ዓመት ችሎት ቆመዋል። ሥራው እውነት ምን ይመስላል? ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?»

አብሽሪ እህቴ። አባትሽ መቆጣታቸው አይገርምም። የሁሉም አባት ጥያቄ ነው። ዘመዶችሽ ያሉትም ግማሹ ልክ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ «ግቢበት» አልልሽም። መጀመሪያ ሥራውን ልንገርሽ።

አባትሽ በልባቸው ያለው ሥዕል ይህ ይመስለኛል። አንዱ ሰው ይገድላል። ጠበቃው ይነሣና «አልገደለም» ይላል። አፉ ይጣፍጣል፣ ዳኛው ይረታል፣ ገዳዩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደሴ መጥተሽ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ብትቀመጪ ግን የምታዪው ሌላ ነው። ከገጠር በሚመጣ የግድያ መዝገብ ማን እንደገደለ አብዛኛውን ጊዜ አያከራክርም። አገር ያወቀው ነው። አንዳንዴ ተከሳሹ ራሱ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጥቷል። የሚያከራክረው ግድያው ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። የወንጀል ጠበቃ ዕድሜውን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ አባትሽ እንዲያነቡት ብዬ ግን ላስቀምጠው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት። 540 ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት። 541 ቀላል የሰው ግድያ ነው፤ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት። አንቀጽ 78 ደግሞ ሕጋዊ መከላከል ነው፤ እሱ ከተረጋገጠ ጭራሽ ቅጣት የለም። በአራቱም ሰው ሞቷል። በአራቱም እናት አልቅሳለች። ልዩነቱ የሚገኘው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሆነው ነገር ነው።

ምሳሌ ልስጥሽ። የማንም ሰው ጉዳይ አይደለም፤ ከብዙ መዝገብ የቀላቀልኩት ነው። ወደ ኩታበር በኩል ሁለት ጎረቤታሞች ድንበር ይጣላሉ። አንዱ ሲያርስ «ገፍተህ ገባህ» ይለዋል ሌላው። ስድብ ይነሣል። ሟች ሽመሉን አንሥቶ ትከሻውን ይለዋል። ሊደግመው ሲያነሣ ተከሳሹ እንጨት ሲቆርጥበት የዋለውን ምሳር ይዞ አንዴ ይመታዋል። ሰውየው ይሞታል። ይህ 541 ላይ የሚያከራክር ነገር ነው፤ መከላከሉ ልኩን አልፏል፣ ግን መከላከል ነበር። አሁን አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ተከሳሹ ከተመታ በኋላ ቤቱ ሄዶ፣ ምሳሩን ከጓዳ አውጥቶ ተመልሶ መጣ በይ። ወደ 540 ሄድን። አሁንም ለውጪ። ሦስት ቀን ዝም ብሎ፣ ሟች ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ አድፍጦ ጠበቀው። 539 አጠገብ ነን። ሰዎቹ ያው፣ ምሳሩ ያው። ፖሊስ ጣቢያ የሚጻፈው ቃል ግን ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፦ «በድንበር ግጭት የተነሣ በምሳር መትቶ ገድሎታል።» ያንን ዓረፍተ ነገር ፈትቶ፣ ምሳሩ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ነው ጥብቅና።

ለዚህ ነው «ለነፍሰ ገዳይ ትቆማለህ ወይ» ሲሉኝ የማልሸማቀቀው። 541 የሚገባውን ሰው 540 ላይ ፈርዶ ማስቀመጥ የሟችን ቤተሰብ አይክስም። የሌላ ቤት ልጆችን ግን ያሳድጋል፣ ያለ አባት።

የመጀመሪያው ሥራ ጣቢያ ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር። ሳይንት ወይም ወግዲ ቆላ ውስጥ የተያዘ ሰው ሲሆን ይህች «ለመንገድ» የምትል ነገር ትለጠጣለች፤ ተከታተያት። ከዚያ ፖሊስ ምርመራውን ለመጨረስ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ፣ የ1954ቱ፣ አንቀጽ 59 ላይ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። ዝም ብለሽ «እንቃወማለን» አትበይ። «ባለፈው ቀጠሮ የየትኛውን ምስክር ቃል ተቀበላችሁ? የትኛው ቀረ?» ብለሽ ጠይቂ። ዳኛው የሚያዳምጠው ይህንን ነው።

ለደንበኛሽ የምትነግሪው ነገር አጭር ነው። ቃል ያለመስጠት መብት አለው። ከሰጠ የሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት ይችላል። ያልተረዳው ወረቀት ላይ አይፈርም። ተገድዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም፤ ግን መገደዱን በጊዜው ካልተናገረ ዘግይቶ ማሳመን ከባድ ነው። ፊቱ ላይ ወይም እጁ ላይ ምልክት ካለ ያንኑ ቀን ፍርድ ቤት አሳዪ፣ ይመዝገብልሽ፣ ሕክምና ይላክ በይ። ሳምንት ከቆየ ቁስሉ ይድናል፤ ክርክሩም አብሮ ይጠፋል።

አሁን ከባዱ ነገር ይመጣል። ቤተሰብ።

የታሰረ ሰው ቤተሰብ ቢሮሽ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ዳኛውን ታውቂዋለሽ?» ነው። ሁለተኛው «ይካድ እንዴ?» ነው። የመጀመሪያውን በአንድ ቃል ጨርሺው። «ባውቀውም አይጠቅማችሁም፤ ለዳኛ የሚሰጥ ብር ብሎ የሚቀበላችሁ ሰው ካለ ሌባ ነው» በያቸው። ችሎት በር ላይ እንዲህ እያለ የሚበላ ደላላ አይጠፋም። በሬ ያሸጠ አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ጊዜ ይወስዳል። ዘመድ ሁሉ የሚወደው መከላከያ «በቦታው አልነበረም» የሚለው ነው። ወዲያው ምስክር ያዘጋጃሉ። «ያን ቀን ሐይቅ ለቅሶ ነበርን፣ አብረን አደርን» የሚሉ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። ሦስቱም በአንድ ቃል፣ በአንድ ቅደም ተከተል ይናገራሉ። ዳኛ ይህን ሲሰማ ዓመታት አልፈውታል፤ ገና ሁለተኛው ምስክር ላይ ብዕሩን ያስቀምጣል። ከዚህ የባሰው ጉዳት ሌላ ነው። «አልነበርኩም» ያለ ሰው ተመልሶ «ራሴን ስከላከል ነው» ማለት አይችልም። አንዱ መከላከያ ሌላውን ይገድለዋል። 541 ላይ ቆሞ ሦስት ወይም አራት ዓመት ታስሮ የሚወጣ ሰው፣ ዘመድ ባመጣው የሐይቅ ለቅሶ ምክንያት 540 ላይ አሥራ ምናምን ዓመት ይቀበላል። እኔ በዚህ ሥራ ከማንም በላይ የምሟገተው ከዐቃቤ ሕግ ጋር አይደለም። ከደንበኛዬ አጎት ጋር ነው።

ደግሞም የሐሰት ምስክር ወንጀል ነው፤ አንቀጽ 453። ምስክሩን ያሠለጠነው ጠበቃ ከሆነ እሱም አብሮ ይሄዳል። ሐሰት መሆኑን እያወቅሽ ምስክር አታቅርቢ። እውነቱ ከባድ ሲሆን ደግሞ የምታደርጊው አለ። ዐቃቤ ሕግ የማስረዳት ሸክሙን ተሸክሟል፤ ጫኚበት። ምስክሩ አይቷል ወይስ ሰምቷል? ስንት ሜትር ነበር? ሟች ሲመታ አይቷል ወይስ ጩኸት ሰምቶ ነው የመጣው? ይህን መጠየቅ ውሸት አይደለም። ደንበኛሽ «አደረግሁት» ብሎ ቢሮሽ የነገረሽም ቢሆን ዐቃቤ ሕጉ ማስረዳት አለበት። ምስጢሩ ካንቺ ጋር ይቀራል። አባትሽ እዚህ ጋ ሊከብዳቸው ይችላል፤ አውቃለሁ።

በችሎት ደግሞ መሐል መንገድ አለ። የእምነት ክህደት ቃል ሲጠየቅ ተከሳሹ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፤ ነገር ግን በክሱ እንደተባለው አይደለም» ብሎ ማስረዳት ይችላል። ይህ ሙሉ እምነት አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ እንደ ክህደት መዝግቦ ማስረጃ ይሰማል። ፍርድ ቤቱ የተረጋገጠው ቀለል ያለው ወንጀል መሆኑን ካየ ደግሞ በሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 113(2) መሠረት በቀለለው አንቀጽ ሊፈርድ ይችላል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ 540 ብሎ ስለጻፈ ብቻ 540 አይሆንም። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ቡና እየተጠጣ ይሁን።

ቦታው ድረስ ሂጂ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። የመዝገቡን ፕላን፣ ፖሊስ የሳለውን የቦታ ንድፍ፣ አይተሽ አትርኪ። ወሎ ሜዳ አገር አይደለም። «ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ አየሁት» ያለው ምስክር ቤቱ ከጋራው ጀርባ ሊሆን ይችላል። «ሮጬ ደረስኩ» ያለው መሐሉ ላይ ገደል ሊኖር ይችላል። ወረቀት ላይ 100 ሜትር የተባለው ርቀት እግር ይዞት ሲኬድ ሌላ ነው። መስኖ ያለበት የቆቦ ሜዳ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሁሉ ይታያል፣ ግን ማሽላው ቁመቱ ሲደርስ ሁለት እርምጃ ላይ ያለ ሰው አይታይም። ስለዚህ ወሩን ጠይቂ። ማሽላው ታጭዶ ነበር?

የሐኪም ማስረጃውንም በደንብ አንብቢው። ቁስሉ ከፊት ነው ከኋላ? አንድ ምት ነው ሁለት? ሟች እጁ ላይ ጭረት አለ? ከኋላ የተመታ ሰው እየሸሸ ሊሆን ይችላል፤ ያ ለመከላከል ክርክር መጥፎ ነው፣ ቀድመሽ እወቂው። በብዙ መዝገብ ላይ ያለው የሐኪም ወረቀት አስከሬኑ ከውጭ ታይቶ የተጻፈ ብቻ ነው። ሐኪሙ ችሎት ይጠራልኝ ማለት ትችያለሽ። ጥቂት ጠበቃ ነው የሚጠይቀው፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ወደ መስቀለኛ ጥያቄ ልግባ፤ እኔ የምወደው ክፍል እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ልክ ነው። ለራስሽ ምስክር በምታቀርቢው ዋና ጥያቄ ላይ መሪ ጥያቄ፣ መልሱን ራሱ የሚጠቁም ማለት ነው፣ አይፈቀድም፤ የተቃራኒ ወገን ምስክር በሚጠየቅበት መስቀለኛ ላይ ይፈቀዳል። ያላስተማሩሽ የገጠር ምስክር እንዴት ጊዜና ቦታ እንደሚቆጥር ነው። «በስንት ሰዓት ነበር?» ብትይው ፖሊስ ጽፎ ያነበበለትን ሰዓት ይመልስልሻል። «መግሪብ ተሰግዷል?» በይው። «አዎ።» «ዒሻስ?» «ገና ነው።» አሁን እውነተኛ ሰዓት አገኘሽ። ክርስቲያን ሲሆን ደግሞ «ከብቶቹ ገብተዋል? ታልበዋል?» በይ። ቀኑን «በስንት ነው?» አትበይው፤ «ከገበያው ስንት ቀን ቀረው?» በይው። የባቲ ሰው ሰኞን ተመርኩዞ ሳምንቱን ሁሉ ይነግርሻል። ርቀትም እንደዚሁ ነው። ሜትር አያውቅም። «ብትጠራው ይሰማሃል? መጮህ አለብህ ወይስ በዝግታ ብትናገር ይበቃል?» ብትይው ግን በትክክል ይመልሳል።

አንድ ጊዜ አንድ ምስክር ማታ የሆነን ነገር «ጨረቃ ነበረች፣ ፊቱን ለየሁት» ብሎ መሰከረ። ሰውየው አልዋሸም ይሆናል፤ ብዙ ሰው ያወቀውን ነገር ያየው ይመስለዋል። ቀኑን በምን እንደሚያስታውሰው ተጠየቀ። «በነጋታው ሮመዳን ገባ» አለ። በቃ። የጾሙ ዋዜማ ማታ ፊት የሚያስለይ ጨረቃ እንደሌለች ወሎ ውስጥ ለዳኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሰማይ እያየ ነው ያደገው። ወጣት ጠበቃ እዚህ ላይ የሚያጓጓው «ታዲያ በምን ብርሃን አየኸው?» ብሎ መጨመር ነው። አትጨምሪ። «ባትሪ ይዤ ነበር» ይልሻል። ተቀመጪ። የቀረውን በመጨረሻ ክርክርሽ ላይ ታነሺዋለሽ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር። ከባቲና ከከሚሴ አካባቢ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ሰው፣ ከቆላው በኩል ደግሞ አፋር፣ አማርኛ የሚሠራበት ችሎት ላይ ሊቀርብ ይችላል። አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ማግኘት መብቱ ነው። ችግሩ ችሎት ላይ ብቻ አይደለም። ጣቢያ ላይ የሰጠው ቃል በአማርኛ ነው የተጻፈው፤ ማን ተረጎመለት? ስሙ መዝገቡ ላይ አለ? ያን ጊዜ እዚያ የነበረ ፖሊስ ብቻ ከሆነ ጥሩ ክርክር ይዘሻል።

አሁን ወደ ዘመዶችሽ ልምጣ። አበጋር አለ፣ ጠበቃ ምን ይሠራል? የሚሉት።

አበጋርን አቃልለሽ አትነሺ። ከተማ የተማሩ ጠበቆች ይህን ስሕተት ሲሠሩ አያለሁ። ወሎ ውስጥ ደም የሚያደርቀው አበጋር ነው፤ ቆቦና ራያ በኩል ደግሞ ዘወልድ። የገዳይ ወገን ይሸሻል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ምሎ ይታረቃል፣ አብሮ ይበላል። ፍርድ ቤት ሰውየውን ለ15 ዓመት ቢያስረው እንኳ የሟች ወንድም በ16ኛው ዓመት ሊጠብቀው ይችላል። ዕርቅ ካለ አይጠብቀውም። ይህን ሥራ የትኛውም ችሎት አይሠራውም። ስለዚህ ደንበኛዬ ወገን ዕርቅ እንዲጀምር እኔ ራሴ እመክራለሁ።

ግን ዕርቁ መዝገቡን አይዘጋም። ግድያ በግል አቤቱታ የሚቀርብ ወንጀል አይደለም። የሟች አባት «ታርቀናል፣ ክሴን ትቻለሁ» ቢል ክሱ የእሱ አይደለምና ይቀጥላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት በር የከፈተውም ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ የነፍስ ጉዳይ እዚያ ውስጥ የለም። ስድብ፣ ቀላል ዛቻ፣ በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ነገር ሲሆን ግን ዕርቅ በእውነት ይዘጋዋል። ሁለቱን ሳይለዩ ካሳ የከፈሉ ቤተሰቦች «ከፍለን ደግሞ ታሰረ» ብለው ይጮኻሉ። ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ከዕርቅ በኋላ የሚመጣውን ችግር ደግሞ እወቂ። ምስክሮች ይገለበጣሉ። ለፖሊስ «አይቻለሁ» ያለው ሰው ችሎት ሲቆም «አላየሁም፣ ከሰው ነው የሰማሁት» ይላል። ምሎ ታርቋልና፣ መሐላውን ከማፍረስ ፍርድ ቤትን መዋሸት ይቀልለዋል። ዐቃቤ ሕጉ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል አውጥቶ ያፋጥጠዋል፤ በሐሰት ምስክርነት ሊከሰስም ይችላል። በከባድ ግድያና በከባድ ውንብድና ደግሞ ወረዳ ፍርድ ቤት ላይ ቀዳሚ ምርመራ የሚደረገው ቃሉ በጊዜው በዳኛ ፊት እንዲመዘገብ ነው። በዚህ መሐል ያንቺ ድርሻ አንድ ብቻ ነው፤ ምስክሩን አታነጋግሪው። «እንዲህ በል» አትበይው፣ «ዝም በል»ም አትበይው። ሽማግሌዎቹም ስለ ምስክርነት እንዳያወሩ ለምኛቸው። ስለ ካሳው ያውሩ።

ዕርቁ በሕግ የሚጠቅመው ቅጣት ላይ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋተኛው ከልቡ መጸጸቱን፣ እጁን መስጠቱን፣ የሠራውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱን ማቅለያ ያደርገዋል። በ2006 የተሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ደግሞ ቅጣቱን በእርከን ነው የሚያሰላው፤ ማቅለያ በተገኘ ቁጥር እርከኑ ይወርዳል። ስለዚህ የዕርቁን ወረቀት፣ የካሳውን ልክ፣ የሽማግሌዎቹን ፊርማ ይዘሽ ቅረቢ። ብዙ ጠበቃ «ጥፋተኛ» ከተባለ በኋላ ይደክመዋል፣ ቆሞ «ቅጣቱ ይቅለልልን» ብሎ ይቀመጣል። እኔ የቅጣት አስተያየትን እንደ ሁለተኛ ችሎት ነው የማየው። የቀድሞ ጠባዩ፣ የሚጦራቸው ሰዎች፣ ሕመሙ፣ ሁሉም በማስረጃ ይቅረብ። ሁለት ዓመት ማስቀነስ ማለት አንድ ልጅ ከ8ኛ ክፍል 10ኛ እስኪደርስ ማለት ነው።

ሥራው ሁሉ ግድያ እንዳይመስልሽ። ኮምቦልቻ ስለሆንሽ የሹፌር መዝገብ ብዙ ታገኛለሽ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ሲወርድ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው መከላከያ የታወቀ ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሚቀጣው አንቀጽ 543 ላይ ሹፌር የሥራ ግዴታ ስላለበት ቅጣቱ ከሌላው ከበድ ይላል። ደንብ ሆን ብሎ የጣሰ፣ የጠጣ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ ከሆነ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። ስለዚህ ጭቅጭቁ ሁሉ «ደንብ ጥሷል ወይስ ቸል ብሏል?» የሚለው ላይ ነው። የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን፣ የጎማውን ምልክት፣ ፍሬኑን ያየውን መካኒክ ቀድመሽ ያዢ። መኪናው ከተጠገነ በኋላ ፍሬኑ ተበላሽቶ ነበር ብሎ የሚያምንሽ የለም። ስርቆት፣ ድብደባ፣ ማታለል አለ፤ እነሱን ትለምጃቸዋለሽ።

ገንዘቡን ሳልነግርሽ አልተውም። የወንጀል ጥብቅና ወሎ ላይ አያበለጽግም። ሀብታም የሚሆኑት የንግድና የመሬት ጉዳይ የያዙት ናቸው። ደንበኛሽ ገበሬ ነው፤ የሚከፍለው በሬ ወይም ፍየል ሸጦ ነው፣ ወይም ከጂዳ እህቱ ልካለት ነው። ክፍያውን በጽሑፍ፣ በደረጃ ከፋፍይው፤ እስከ ብይን ይህን ያህል፣ መከላከያ ካለ ይህን ያህል፣ ይግባኝ ለብቻው። «ነጻ ካስወጣሽው እጥፍ እሰጥሻለሁ» የሚል ሰው ይመጣል። እኔ አልቀበልም። ያ ብር ውሳኔሽን ያዛባዋል፤ 541 ላይ መቆም ያለበትን ሰው «ነጻ» እያልሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ደግሞ ቅጂ ያዢ። የሁሉንም ነገር። በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ወልድያና ደሴ ሲደርስ ወሎ ውስጥ ስንቱ መሥሪያ ቤት ተዘርፎ ወረቀቱ እንደተበተነ ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ የራሱ ቅጂ ያለው ጠበቃና የሌለው ጠበቃ ተለዩ። የክሱ ቅጂ፣ የምስክር ቃል ማስታወሻሽ፣ ቀጠሮ የተሰጠበት ቀን፣ ሁሉ በስልክሽም በወረቀትም ይኑር።

ሴት መሆንሽን አልጠየቅሽኝም፣ ግን ይነሣል። አንዳንዱ ሽማግሌ ቢሮ ገብቶ «ጠበቃው የለም?» ይልሻል። ይለምዳል። በሌላ በኩል ሴት ተከሳሾች አሉ፣ በተለይ ለዓመታት ሲደበድባት የኖረ ባሏን የገደለች ሴት። ወንድ ጠበቃ ፊት የማትናገረው ነገር አላት። ያ ያልተነገረው ነገር ነው 541 ላይ የሚያደርሳት። እኔ እንዲህ ያለ መዝገብ ሲመጣ ከሴት ባልደረባ ጋር ነው የምይዘው። ወሎ ላይ እንዲህ ያሉ ጠበቆች ጥቂት ናቸው፤ ለዚህ ብቻ ብትገቢ እንኳ ይበቃሻል።

አባትሽን ክርክር አትግጠሚያቸው። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ደሴ ይዘሻቸው ነይ፤ ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ የግድያ መዝገብ ምስክር ሲሰማ ከኋላ ተቀመጡ። ሟችም ተከሳሽም ከየት እንደሚመጡ፣ ዘመዶቻቸው በር ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ይዩት። ምን እንደሚሉ እሳቸው ይወስኑ።

ላንቺ ደግሞ እንዲህ ነው። ወዲያው የግል ቢሮ አትክፈቺ። አቅም ለሌላቸው በመንግሥት የሚቆሙትን ተከላካይ ጠበቆች ተጠግተሽ ጀምሪ። መዝገብ የሚበዛው እነሱ ዘንድ ነው፤ የሌላ ሰው አምስት ዓመት አንቺ በአንድ ዓመት ታያለሽ። ዐቃቤ ሕግ ሆነሽ ብትጀምሪም አይከፋም፤ ክስ እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ሰው የት እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ብዙዎቻችን በዚያ በኩል ነው የመጣን። ከዚያ ፈቃድሽን አውጪ። የሰበር ውሳኔዎችን፣ የሕግ ስሕተት የሚያርመውን የመጨረሻ ችሎት ውሳኔዎች ማለቴ ነው፣ በአንቀጽ ለይተሽ በራስሽ ደብተር ያዢ፤ 540 እና 541ን የሚለዩትን በተለይ። የፌዴራል ሰበር የሰጠው ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፤ ወረዳ ላይ ይዘሽ ስትቀርቢ ዳኛው ሊያልፈው አይችልም።

ይግባኝን ደግሞ አሁኑኑ በቃልሽ ያዢ። ማስታወቂያው ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን፣ ማመልከቻው የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰሽ በ30 ቀን። ግልባጩን ፍርዱ በተነበበበት ቀን ሬጅስትራር ጠይቂ፤ የጠየቅሽበትን ቀን በጽሑፍ አስመዝግቢ። ማረሚያ ቤት ያለ ሰው ቀን መቁጠር አይችልም፤ የምትቆጥሪለት አንቺ ነሽ።